ከወዲያ በኩል የተቀመጠችው ልጅ

ሰኞ፣ ኅዳር 7 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ አንኮበር

ዛሬም ተናከሱ። ጌጡ የፊደል ገበታውን ወደ ራሱ ሳበ፤ ሰይድ ክንዱን ነክሶ የጥርሱን ምልክት ተወበት። ከዚያ የነከሰው ከተነከሰው ብሶ አለቀሰ። "ለአራታችን ነው አላልሽም እትዬ?" ይለኛል። ብያለሁ። ምን ልበለው?

ክረምት ላይ ደብረ ብርሃን ሦስት ሳምንት ሥልጠና ገብቼ ነበር። ሕፃናት እያንዳንዳቸው ለየብቻ ከሚጮኹ ተሰብስበው እርስ በርስ ቢማማሩ ይሻላል ተባልን። አራት አራት አድርጋችሁ አስቀምጧቸው፤ ለአራቱ አንድ መማሪያ ብቻ ስጧቸው፤ አንድ ከሆነ ሳይወዱ በግድ ይነጋገራሉ። ይህን ደብተሬ ላይ ጽፌ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ቄስ ፊት ለብቻዬ ተቀምጬ፣ በተሳሳትኩ ቁጥር ጆሮዬን እየተቆነጠጥኩ ነው። ስለዚህ ያን ስሰማ እንባዬ መጣ፤ በሰው ፊት አፈርኩ።

እዚህ ከተመደብኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ሃያ ሕፃናት አሉኝ፤ የአምስትና የስድስት ዓመት ልጆች። ወንበር የለም። ሰሌን አንጥፌ አምስት ቦታ ከፋፈልኳቸው። ከሱቅ የሳሙና ካርቶን ለምኜ አምስት የፊደል ገበታ በቀለም ጻፍኩ። ገበታው መሐል ሰሌኑ ላይ ይተኛል፤ አራቱ ይከቡታል።

ዳይሬክተሩ አቶ ጌታነህ በር ላይ ቆመው አዩንና "ወይዘሪት እጅጋየሁ፣ ይሄ ክፍል ነው ገበያ?" አሉኝ። ቀጥለው መርዶውን ነገሩኝ። ሐሙስ ኢንስፔክተሩ ከደብረ ብርሃን ይመጣሉ። የሕፃናት ክፍል የተከፈተው ለሙከራ ስለሆነ፣ ልጆቹ ፊደል መለየታቸውን ካላዩ ይዘጋል፤ ቤቱም ለሁለተኛ ክፍል ይሰጣል። ሁለተኛ ክፍሎች ግማሾቹ ቆመው ነው የሚማሩት። እሱም እውነት ነው።

ከሁሉ የምታስጨንቀኝ አስካለ ናት። አባቷ ቄስ አስረስ መስከረም ላይ እጇን ይዘው ሲያመጧት "እስከ ኅዳር ሚካኤል አያታለሁ" ነበር ያሉኝ። "ፊደል ከለየች ትቀጥላለች። ካልለየች ከእናቷ ጋር ጥጥ ትፍተል። ሴት ልጅ በከንቱ ደጅ አትውልም።" ቃላቸውን እንደማያጥፉ አገር ያውቃል። ሚካኤል ቅዳሜ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 8

ብርዱ ለጉድ ነው። ጭጋጉ በበሩ ገብቶ ከእኛ ጋር ይማራል። ልጆቹ ነፋስ የማያገኘውን የግድግዳ ጥግ ይሻማሉ። ጥቅምት ላይ በዚሁ ሲፋጁ ደሜ ፈልቶ "ሁላችሁም ባላችሁበት! ቦታውን የለወጠ ወዮለት!" ብዬ ጮህኩባቸው። ከዚያ ወዲህ አንድም የሚነቃነቅ የለም። አስካለ ያን ቀን ግድግዳው ጋ ነበረች፤ አሁንም እዚያው ናት። ከቤቷ ትንሽ የበግ አጎዛ ይዛ ትመጣለች። ስትቀመጥበት አንዲት ትንሽ ባልቴት ነው የምትመስለው።

ዛሬ ግን ደስ ብሎኛል፤ ሳልረሳው ልጻፈው። ጌጡ "ቀ" ላይ ቆመ። አስካለ ጣቷን ገበታው ላይ አደረገችና "ይቺ ሆዷ የተነፋው፤ ቀ በላት" አለችው። "ቀ" አለ። ሰይድ ደገመ፣ ማሚቴም ደገመች። ማንም ማንንም አልነከሰ! አራቱም ጭንቅላት አንድ ካርቶን ላይ ተደፍቶ አየሁ። ወጣ ብዬ ለብቻዬ ሳቅሁ። ዘበኛው ጋሼ ደምሴ ያበድኩ መስሏቸው አማተቡ።

የማውቀውን ልጻፍ፦
ከሀ እስከ መ ሁሉም ይላሉ።
ከዚያ ወዲያ ግማሾቹ ይንተባተባሉ።
ግዕዙን ከዳር እስከ ዳር በጣቷ እያሳየች የምትጠራ አስካለ ብቻ።

የማላውቀው ደግሞ ይኸው፦ እያንዳንዳቸውን ለይቼ ጠይቄ አላውቅም። ሥልጠናው ላይ ልጅን ለብቻው አቁማችሁ አታሳፍሩ ተብለናል። የሰማኋቸው ሁሌ ክባቸው ውስጥ ሆነው ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 9

አቶ ጌታነህ ቢሯቸው አስጠሩኝ። ነገ ልጆቹ በሰልፍ ይቀመጡ፣ በአንድ ድምፅ "ሀ ሁ ሂ" እያሉ ይጩኹ አሉኝ። "ኢንስፔክተር ጩኸት ከሰማ ትምህርት አለ ይላል፤ ፈርሞ ይሄዳል" አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም። መውጫ መንገድ እያሳዩኝ ነበር።

እኔ ግን እምቢ አልኩ። እኔ! ለባለሱቁ ካርቶን ስጠኝ ለማለት ሁለት ቀን የፈራሁት ሴትዮ። "አብረው ተምረዋል፣ እንዳሉ ይታዩልኝ" አልኳቸው። ሰውየው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። "ወላጆችም እንዲመጡ ልኬአለሁ። የራስሽ ጉዳይ ነው" አሉኝ።

ጾም ስለነበር ባዶ ሆዴን ነው የተከራከርኩት። ምሳ ከበላሁ በኋላ ድፍረቱ ሁሉ ጠፋ። ተመልሼ እሺ ልበላቸው ብዬ በሩ ድረስ ሄድኩ፤ ተቆልፎ አገኘሁት።

ከሰዓት ልጆቹን ዙሪያቸውን እየዞርኩ ስጠብቅ ዋልኩ። ሰይድ ከመቀመጫው ተነስቶ አስካለ ጎን ሊሄድ ሲል "ቦታህ!" አልኩት። ተመለሰ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 10

ልጽፈው አልፈለግኩም ነበር። ካልጻፍኩት ደግሞ አንቆ ይገድለኛል።

ኢንስፔክተሩ አምስት ሰዓት ላይ ደረሱ። ላንድሮቨሯ ጭቃ ይዟት ጫማቸው ሁሉ በጭቃ ተለውሷል። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ለልጆቹ ሁሉ ሰላምታ ሰጡ። ወላጆች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ቄስ አስረስ በሩ አጠገብ ነበሩ፤ ጥምጥማቸው ከሁሉ በላይ ይታያል።

ኢንስፔክተሩ ከሰሌኑ ላይ አንዱን ገበታ አነሱና ግድግዳው ላይ ካለው ምስማር ሰቀሉት። "አንድ አንድ እየሆናችሁ ኑ" አሉ። ስድስት ልጆች ጠሩ። ጌጡ ደህና አለ። ሰይድ መ ድረስ ሄደና ቆመ። ሁለቱ በየፊደሉ ወደ ጓደኞቻቸው እየዞሩ አዩ፤ "ወደ ጓደኛ አይታይም" ተባሉ። አምስተኛው አለቀሰ።

አስካለ መጨረሻ ተጠራች። እኔ እፎይ አልኩ፤ እሷ ታድነናለች ብዬ ነው።

በእስክሪብቶአቸው ሀን ነኩላት። ዶሮ መሬት ላይ ያለ ፍሬ እንደምታይ አንገቷን ሰበር አደረገች። ከዚያ ጥርት ባለ ድምፅ "በ" አለች። በን ነኩላት። "ሀ" አለች። ሠን ነኩላት፤ "ጠ"። አንድም ጊዜ አልተጠራጠረችም። ሰዉ ሳቀ። ልጆቹም ሳቁ። ጌጡ ብቻ ከሰሌኑ ላይ ብድግ ብሎ "ታውቃለች! እኔን ያሳየችኝ እሷ ናት!" ብሎ ጮኸ። አቶ ጌታነህ በዓይናቸው አስቀመጡት። እሷ የሳቁን ምክንያት አላወቀችውም፤ ከዚያ በኋላ ቢሏት ቢሠሯት ቃል አልተነፈሰችም።

"አብሮ መማር ማለት አብሮ መሳሳት ነው እንዴ እመቤቴ?" አሉኝ ኢንስፔክተሩ ቀስ ብለው። ሌላ ሰው እንዳይሰማ አስበውልኝ ነው። ደብተራቸው ላይ የሆነ ነገር ጻፉ።

ቄስ አስረስ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። "በቃ፣ ነይ" አሏት። አጎዛዋን ጠቅልላ አቀፈችና ወጣች። እኔን ዞራ አላየችኝም።

ዓርብ፣ ኅዳር 11

ክፍሉ ተዘጋ። ወረቀቱን አቶ ጌታነህ በእጃቸው ሰጡኝ። እኔም ወደ ደብረ ብርሃን ተመልሼ የሚደረግልኝን እንድጠይቅ ይላል። የጭነት መኪና የሚገኘው ረቡዕ ነው።

ልጆቹን አሰናብቼ ዕቃዬን ልሰበስብ ገባሁ። ደክሞኝ አስካለ ቦታ ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፌ ዘፍ አልኩ። ገበታው ከፊቴ ተኝቷል። ቁልቁል አየሁት።

ሁሉም ተዘቅዝቋል። ሀ በን መስሎ ቁጭ ብሏል። በ ደግሞ ሀን። ሠ ጠ ሆኗል። ካርቶኑን የማኖረው ሁልጊዜ ፊቱን ወደ በሩ አድርጌ ነው፤ ጎንበስ ብዬ የማየውም ከበሩ በኩል ቆሜ። ልጅቷ ደግሞ ከወዲያ ናት። ጣቷን የምታሳርፈው ትክክለኛው ፊደል ላይ ነው፣ ስሙንም በትክክል ትጠራዋለች፤ መልኩን ግን ከጥቅምት ጀምሮ የተማረችው ተገልብጦ ነው። ቦታሽን ብትለውጪ ወዮልሽ ያልኳት እኔ ነኝ! በየክቡ ከወዲያ በኩል አንድ አንድ ልጅ አለ፤ አምስት ልጅ ነው ገልብጬ ያስተማርኩት። ከጎን ያሉትም ያው አጋድመው ነው ያዩት። አራቱ ትናንት ስላልተጠሩ ነው ጉዳቸው ያልወጣው።

ራሴን በጥፊ ብመታ ደስ ይለኝ ነበር። አብረው ይማሩ ብዬ አንድ ካርቶን ዙሪያ ሰበሰብኳቸው፤ ከዚያ አንድ ነገር የሚያዩ መሰለኝ።

ሮጬ ቄስ አስረስ ቤት ሄድኩ። ለሚካኤል ዋዜማ ቤተ ክርስቲያን ናቸው አለችኝ ሚስታቸው፤ ከትናንት ጀምረው ቤት አልገቡም። አስካለ ከእናቷ እግር ሥር ጥጥ ትፈለቅቃለች። ነገሩን ለእናቷ በእጄ እያሳየሁ አስረዳኋት። "ተገልብጦ መማር አለ እንዴ ልጄ?" አለችኝ አዝናልኝ። "ተይው፣ አትድከሚ።" ክፍሉ መዘጋቱን ለመናገር አፈርኩ። አስካለ ቀና አላለችም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አገሩ ሁሉ ጭስ በጭስ ሆኗል። ኅዳር ሚካኤል ቆሻሻ ተጠርጎ የሚቃጠልበት ቀን መሆኑን እንዴት እንደረሳሁት እንጃ። ጋሼ ደምሴ ቤቱን ለሁለተኛ ክፍል ጠርገው አጽድተዋል፤ ሰሌኑን፣ ገለባውን፣ አምስቱንም ካርቶን ግቢው ውስጥ ከምረው ለኩሰውታል። "አረጀ እኮ እቴ፣ በሽታ ያመጣል" አሉኝ። አልተቆጣኋቸውም። አንዱን እንኳን በእንጨት ልጎትት ሞክሬ ነበር፤ እጄ ላይ ተፈረፈረ።

ቄስ አስረስን ታቦቱ ሲዞር ከሩቅ አየኋቸው። በእንዲህ ያለ ቀን ቀርቤ ስለ ካርቶን ላወራቸው አልደፈርኩም። የሰጡኝ ቀን ዛሬ አለቀ። እኔም አለቀልኝ።

እሑድ፣ ኅዳር 13

ሻንጣዬን አሰርኩ። ሁለት ቀሚስ፣ ብርድ ልብስ፣ የሥልጠናው ደብተር። ደብተሩን አወጣሁት፣ መልሼ ከተትኩት።

ከቅዳሴ በኋላ በሩ ተንኳኳ። ቄስ አስረስ ናቸው። ቁጭ ይበሉ ብላቸው እምቢ አሉ፤ በመቋሚያቸው ተደግፈው ቆመው ነው የነገሩኝ።

"ትናንት ቤት ገብቼ ዳዊቴን ስደግም ፊት ለፊቴ መጥታ ተቀመጠች። ግዕዝ ግዕዙን ፊደል እየለቀመች ትጠራልኛለች። ከአፌ እየሰማች ነው ብዬ ድምፄን አጠፋሁ፤ እሷ ቀጠለች። ሌላ ገጽ ገለጥኩ፤ ያንንም ጠራች። በይ እንግዲህ ብዬ መጽሐፉን አዙሬ ወደ እሷ ሰጠኋት። ዝም። ምነው ብላት፣ 'አይ አባባ፣ ወደ እርስዎ ይመልሱት' አለችኝ።"

እኔ አለቀስኩ። እሳቸው መሬት መሬት አዩ። የዓርቡን ነገር እናቷ ነግራቸው አሁን ገብቷቸዋል። "ልጅቷ አልሰነፈችም፤ ቃሌን አነሳሁ። ነገ አመጣታለሁ" አሉኝ።

እሺ አልኩ። ክፍሉ ተዘግቷል ማለት ነበረብኝ። በደስታ የፈካ ፊታቸውን አይቼ አፌ እምቢ አለኝ፤ እሺ ብዬ ሸኘኋቸው።

ሰኞ፣ ኅዳር 14

መጡ። አስካለ አጎዛዋን አቅፋለች። ከውስጥ ሁለተኛ ክፍሎች በአንድ ድምፅ ማባዣ ይጮኻሉ። ቄስ አስረስ ድምፁን ትንሽ አዳመጡና ወደ እኔ ዞሩ። ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳቸው፦ ቤቱ መሰጠቱን፣ ገበታዎቹ መቃጠላቸውን፣ እኔም ረቡዕ መሄዴን።

አልተቆጡም፤ እኚህ ሰው መቆጣት አያውቁም መሰለኝ። "ታዲያ ማን ያቃናታል?" አሉ።

"እርስዎ፣ አባ" አልኳቸው። "ዳዊቱን ሲደግሙ ከጎንዎ ያስቀምጧት። ሌላ ምንም አይፈልግም። እርስዎ የሚያዩትን እሷም ታያለች።"

"ልጅ ከአባቱ ጎን ተቀምጦ መጽሐፍ ያያል?" አሉኝ። "እኔ ያደግኩት አባቴ ፊት ነው።"

"እኔም ቄስ ፊት ነው ያደግኩት" አልኩ።

አስካለ ብዙ የምንቆይ መስሏት አጎዛዋን የበሩ ድንጋይ ላይ አንጥፋ ተቀምጣ ነበር። አንሺ አሏት። አነሳች። እሺም እምቢም ሳይሉኝ ቁልቁለቱን ተያያዙት።

በሩ ላይ ቆሜ አየኋቸው። ሲነሱ ከኋላቸው ነበረች፤ እንደ ደንቡ። የመንገዱ መታጠፊያ ጋ እሳቸው እርምጃቸውን ቀነስ ያደረጉ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ከጎናቸው ትሂድ ከኋላቸው፣ ጭጋጉ አላሳየኝም።