ሁለት ቋጠሮ

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

መብራት ሦስት ጊዜ ሄዶ መጣ። የላፕቶፑ ባትሪ ሲያልቅ ሠንጠረዡን ወረቀት ላይ በእርሳስ ሠራሁት። በግራ ህንድ፣ በቀኝ ኢትዮጵያ። የባህል ሕክምና በጤና ጣቢያ ደረጃ ከዘመናዊው ጋር እንዴት አብሮ ይሠራል? ለመመረቂያ ጽሑፌ ሁለት ዓመት የፈጀሁበት ጥያቄ ይሄው ነው።

የህንድ በኩል ሞልቷል። ሦስት ሳምንት የቆየሁበት ጤና ጣቢያ አንድ ኮሪደር ላይ ሁለት በር ነበረው። አንዱ የዘመናዊው ሐኪም፣ ሌላው አዩርቬዳ የሚሉት የባህል ሕክምናቸው ሐኪም። ካርድ ክፍል ያለችው ሴትዮ «የትኛው?» ብላ ትጠይቃለች። የባህሉ ሐኪም ከአቅሙ በላይ ሲሆንበት ሪፈር ጽፎ ወደ ጎረቤት በር ይልካል። ወረቀቱን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ማኅተም ሳይቀር አለው።

የእኛ በኩል ባዶ ነው ማለት ይቻላል። «የሪፈር ሥርዓት» በሚለው ረድፍ ላይ «የለም» ብዬ ጻፍኩ። አማካሪዬ ዶክተር ሀብታሙ ወደዱት። «አጭርና ግልጽ» አሉ። ደስ አለኝ። ለምን ደስ ይለኛል? ባዶ የሆነው እኮ የእኛ ነው…

ዓርብ ወደ ጉና ነው፣ ለቃለ መጠይቅ። አያ ጓንጉል የሚባሉ ወጌሻ አሉ፤ አጥንት በመጠገን አገር ያወቃቸው። ሹራብ እንዳትረሺ።

ኅዳር 5፣ ዓርብ

ብርዱ ጣቴን አደንዝዞታል፣ ጽሕፈቴን ነገ ራሴም አላነበው ይሆናል።

መጀመሪያ ጤና ጣቢያው ገባሁ። ከስድስት ዓመት በፊት አሥራ አንድ ወር የሠራሁበት። አሁን ጤና መኮንኑ ፈንታሁን ነው፣ ኮሌጅ ተማሪዬ የነበረ። ወጌሻ ፍለጋ መምጣቴን ስነግረው ሳቀ። «እኛም ጋ ሥራቸው አለልዎት፣ መምህር» ብሎ ጥግ ላይ ያለ ካርቶን አሳየኝ። ከሕመምተኛ ላይ ተቆርጦ የተጣለ የቀርከሃ ስንጣሪና ጨርቅ ሙሉ ነው። ጥበቃው እሳት ያያይዝበታል አለኝ። እኔም ሳቅኩ።

በእግር አንድ ሰዓት ሽቅብ። አያ ጓንጉል ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ሰባ ዓመት ይሆናቸዋል። የፈቃድ ቅጹን ስዘረጋላቸው አልፈረሙም። ፊቴን አይተው አይተው…

«አንቺ ያቺ መቀሷ አይደለሽም?»

መቀሷ! የወጌሻ ማሰሪያ ባየሁ ቁጥር ስለምቆርጥ ለካ ያኔ አገሩ የሚጠራኝ እንደዚያ ኖሯል። ማንም አልነገረኝም። ከዚያ በኋላ ጨዋታው ቀዘቀዘ። ስለ ቅጠሉ አይናገሩም፤ ከተነገረ መድኃኒቱ ይረክሳል። ስለ ሕመምተኞቻቸው ስጠይቅ «የእኔን አክማለሁ፣ የእናንተን እሰዳለሁ» አሉ። እንዴት አድርገው ነው የሚሰዱት ማለት ነበረብኝ… አላልኩም። ዝርዝሬ ላይ ቀጣዩ ጥያቄ ዕድሜ ነበር፤ ዕድሜያቸውን ጠየቅኩ።

በመሀል ሰው መጣ። ሙሉሰው የሚባል ገበሬ፤ ገብስ የጫነች በቅሎ ቁልቁለት ላይ አዳልጧት ይዛው ወድቃለች። ቀኝ ክንዱ ተሰብሯል። ሚስቱ ሸጊቱ ደግፋ አመጣችው። አያ ጓንጉል ጣቶቹን አንድ በአንድ ያዝ ያዝ አደረጉ፣ ጥፍሩን ተጭነው አዩ። ከዚያ ክንዱን በቀርከሃ ላላ አድርገው አሰሩና፣ በላዩ በዞረው ነጭ ጨርቅ ላይ ሁለት ቋጠሮ ቋጥረው አሰናበቱት። ለሸጊቱ ምን እንዳሏት አልሰማሁም። እየጻፍኩ ነበር። «አስተሳሰሩ ልል ነው፣ አጥንቱን አይዝም። የሙያ ጉድለት።»

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

ጠዋት ፈንታሁን ደወለ። ድምፁ ልክ አልነበረም። ሙሉሰው ትናንት ከሰዓት እነሱ ጋ ሄዶ ኖሯል። የወጌሻውን ማሰሪያ ቆረጡ፣ ባልና ሚስቱን ተቆጡ፣ ክንዱን በፋሻ ጠበቅ አድርገው አሰሩና ማስታገሻ ሰጥተው «ሰኞ ተመለስ» አሉት። ዛሬ ማለዳ እጁ አብጦ፣ ጣቶቹ ጠቁረው መጣ። በአምቡላንስ ወደዚህ ወደ ደብረ ታቦር ልከውታል።

ሆስፒታል ሮጥኩ። ክንዱን ቀደው እብጠቱን አስተንፍሰውለታል። እጁ ይተርፋል ወይ ብዬ ብጠይቅ «ሦስት ቀን እንየው» አሉኝ። ቀኝ እጁ ነው። እርፍ የሚይዝበት።

ሸጊቱ ኮሪደሩ ላይ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ተቀምጣለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ነጠላዋን ከአፏ አወረደች።

«አያ ጓንጉል እኮ ሁለት ቋጥረውለት ነበር። አንድ ሲሆን የእኔ ነው፣ በሰባተኛው ቀን ተመለስ ማለት ነው። ሁለት ሲሆን ከእኔ በላይ ነው፣ ዛሬውኑ የከተማ ሐኪም ይየው ነው። አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። እነዚያ ግን አይተውም አላዩት፤ ቆርጠው ጣሉት።»

ለምን አልነገርሻቸውም አልኳት። ልትነግራቸው አፏን ስትከፍት ተቆጧት። ምን ብለው?

«መጀመሪያ ይቆረጣል፣ ከዚያ ይጠየቃል ብለው።»

የእኔ ቃል ነው። ክፍል ውስጥ ሰሌዳው ላይ በትልቁ የጻፍኩት። መጀመሪያ ቁረጡ፣ ከዚያ ጠይቁ። ምክንያት ነበረኝ፤ ጠብቆ ታስሮ የበሰበሰ እጅ ስንቴ አይቻለሁ። ፈንታሁን በፈተና ላይ ሙሉ ነጥብ አግኝቶበታል።

ለሸጊቱ አልነገርኳትም። ፈራሁ።

ኅዳር 7፣ እሑድ

ማላላታቸው ለካ ደሙ እንዲሄድ ነበር። ጥፍሩን ተጭነው ያዩትም ለዚያ። እኔ ለተማሪዎቼ የማስተምረው ምርመራ እኮ ነው… ፊት ለፊቴ ሲደረግ «የሙያ ጉድለት» ብዬ ጻፍኩ።

ቅዳሴ ቆምኩ። አንድም ነገር አልሰማሁም።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

አውራ ጣቱ፣ ሌባ ጣቱና መሀል ጣቱ ይሞቃሉ። ሁለቱ… ቀዝቃዛ ናቸው።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ

ትንሿን ጣትና የቀለበት ጣቱን ቆረጡለት። እጁ ተረፈ። ሸጊቱ እግዚአብሔር ይመስገን አለች። ያኔ ነገርኳት። ያ ቃል የእኔ ነው፣ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ አልኩ። ቀና ብላ አየችኝ። «እንግዲያው ሌላ አስተምሪያቸዋ» አለችና ውኃ ልትቀዳለት ሄደች።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ከፈንታሁን ጋር ወደ አያ ጓንጉል ወጣን። የሙሉሰውን ጨርቅ ካርቶኑ ውስጥ ፈልጎ አግኝቶታል። መቀሱ ጎኑን ነው የቆረጠው፤ ሁለቱ ቋጠሮዎች እንዳሉ ናቸው። ኪሱ ውስጥ ይዞት መጣ።

ሽማግሌው ወሬውን ሰምተዋል። ፈንታሁን ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል ትከሻውን ይዘው አነሱት። ከመቼ ጀምሮ ነው ሁለት የሚቋጥሩት አልኳቸው። ጤና ጣቢያው ከተከፈተ ጀምሮ አሉኝ። እና አንድ ቀን እንኳ መልስ መጥቶልዎት ያውቃል?

«የምን መልስ? ሰዉን ገበያ ላይ ካየሁት ድኗል እላለሁ። ካላየሁት… እንግዲህ።»

ያ የህንዱ ሐኪም ትዝ አለኝ። ሻይ እየጠጣን የነገረኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ወደ ጎረቤቱ በር ሪፈር ጽፏል፤ ከዚያ በር አንድም ወረቀት ተመልሶለት አያውቅም። ሠንጠረዥ ውስጥ አላስገባሁትም፤ የሞላውን ረድፍ የሚያበላሽብኝ መሰለኝ። ታዲያ ሁለቱ አገሮች ልዩነታቸው ምን ላይ ነው? እዚያ ያነቡታል፣ አይመልሱም። እዚህ አናነበውም፣ አንመልስም።

እኔ በነበርኩበት ጊዜ ስንት ሰደዱ ብዬ ጠየቅኳቸው። «ነበሩ» ብቻ አሉ። የአንዲት ሴት እግር ትዝ ይለኛል። ፊቷን አላስታውሰውም። ቀርከሃው በመቀሱ ሲሰበር የሰማሁትን ድምፅ ግን አስታውሳለሁ። ስንት ቋጠሮ ነበረው?

ይቅርታ ጠየቅኳቸው። መልሳቸው ሌላ ነበር።

«ወረቀት አልችልም። የሰደድኩት ሰው ሲጨርስ ጨርቄን መልሱልኝ። ከዳነ አንድ ቋጥራችሁ፣ ካልዳነ እንዲያው ሳትቋጥሩ። እኔም ልወቀው።»

ኅዳር 17፣ ረቡዕ

ዶክተር ሀብታሙ ቢሮ። «የለም» የሚለውን አጥፍቼ መሄዴ አላስደሰታቸውም። «ማስረጃሽ?» አሉ። ከፈንታሁን የተቀበልኩትን የሙሉሰውን ጨርቅ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩት። የደም ምልክት አለበት። ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ጠረጉት።

አዲሱ ረድፍ እንዲህ ይላል። ህንድ፦ አለ፤ ይነበባል፤ መልስ የለውም። ኢትዮጵያ፦ አለ፤ አላነበብነውም።

«እንዲህ ተብሎ አይጻፍም» አሉ። አጻጻፉን አስተካክላለሁ አልኳቸው። «የለም» ግን አይመለስም።

ከሰዓት ክፍል ገብቼ ያንን የድሮ ዓረፍተ ነገር ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት። ተማሪዎቹ ቀዱት። ከዚያ በላዩ ላይ ሰረዝኩበትና ለምን እንደሰረዝኩ ነገርኳቸው።

ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ

ፈንታሁን ካርቶኑን አንስቶታል። ከዚያ ወዲህ ከአያ ጓንጉል አራት ሰው መጥቷል፤ አንዷ ባለ ሁለት ቋጠሮ ነበረች። ጣቷን አይቶ፣ ከመቁረጡ በፊት ጠይቆ፣ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ላካት። ጨርቋን በስሟ አስቀምጦላታል።

የሙሉሰውን እኔ ያዝኩት። መንገዱን ሙሉ አስጨነቀኝ። ሁለት ጣት ለጎደለው ሰው ምን ይቋጠራል? ድኗል ብዬ አንድ ልተው? ወይስ ሁለቱንም ልፍታ? እኔ ነኝ ደግሞ የምወስነው?

እነ ሙሉሰው ቤት ደረስኩ። ገብሱን ጎረቤት ወቅቶላቸዋል። ሙሉሰው በሦስቱ ጣቶቹ የመንሽ እጀታ እየያዘ ይለማመዳል፤ ይወድቅበታል፣ ያነሳዋል። ጨርቁን ሰጥቼው የሽማግሌውን መልእክት ነገርኩት። አገላብጦ አየው። በግራ እጁ ይዞ በጥርሱ አንዱን ቋጠሮ ፈታ። ሁለተኛውን ተወው።

«ይኼው ነው» አለኝ። «ውሰጂላቸው።»

አያ ጓንጉል ደጃፋቸው ላይ ነበሩ። ጨርቁን በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ቋጠሮውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፣ ደግመው ዳሰሱት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ እኔም ወደ ሸለቆው ዞርኩ። ከዚያ ፈቱት፣ ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው በመዳፋቸው አቃኑትና ለሚቀጥለው ሰው ከሌሎቹ ጨርቆች ጋር አስቀመጡት።