በጀበል ኩጁር ድንጋይ መሐል የተውሽልኝ መስመር

ውድ ልጄ ፍሬሕይወት፣ የኔ እናት፣

ከተለየሽኝ አሥራ አራት ወር ሆነ። ይህን ደብዳቤ ስጀምርና ስተወው ሦስት ሳምንት አልፏል። ብዙ መጻፍ እንደማልችል ታውቂያለሽ፤ ቢሆንም የምነግርሽ ነገር ስላለኝ ዛሬ ልጨርሰው ተቀምጫለሁ።

መርዶሽ የደረሰኝ ቅዳሜ ማለዳ ነው። ዓርብ ከካምፓላ የተነሳው አውቶቡስሽ ማታ ይገባል ብዬ የምትወጂውን ምስር ሠርቼ ጠብቄሽ ነበር። ስልክሽ አልነሳ ሲል ኔትወርክ ነው አልኩ፤ ከድንበሩ ወዲህ የኒሙሌ መንገድ ላይ እንደሚጠፋ ስለማውቅ። ሲነጋጋ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ከእኛ ቀጥሎ ባር ያላት አስቴር ቆማለች። ከኋላዋ ሰባት ስምንት ሴቶች፣ ከእነሱ ኋላ ደግሞ ቄሱ። «እንዲያው ልናይሽ ብለን ነው» አለችኝ። ሌሎቹ እንዳልደነግጥ ብለው ነጠላቸውን እንደ ወትሮው ለብሰዋል። አስቴር ግን ቤቷ ስታለቅስ አድራ ኖሮ እንዳዘቀዘቀችው ረስታ መጥታለች። ጥለቱ አንገቷ ላይ ነበር። ማንም ምንም ሳይለኝ ያንን ጥለት አየሁና መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ለካ ሰፈሩ ሁሉ ከዓርብ ማታ ጀምሮ ያውቅ ነበር። አውቶቡሱ መገልበጡን፣ አንቺም ከዚያው እንዳልተነሳሽ። ያን ምሽት ምግብ ቤቴ ባዶ የሆነብኝ ሰው ፊቴን ማየት ፈርቶ ነው። አስቴር እስከ ዛሬ «በነጠላዬ ገደልኩሽ» ትለኛለች። አልተቀየምኳትም። በቃል ከምሰማው ይሻላል።

አጎቶችሽ ከአባትሽ ጎን ትረፍ ስላሉ ደብረ ብርሃን ቀበርንሽ። ልክ ናቸው። ግን እኔ የምኖረው ጁባ ነው፤ አንቺም ከአሥራ አንድ ዓመትሽ ጀምሮ ያደግሽው እዚሁ ነው። አርባሽን አውጥቼ ስመለስ የምሄድበት ጠፋኝ። እዚህ ሄጄ አጠገቡ የምቀመጠው አንድ ድንጋይ እንኳ አልነበረኝም።

ቤታችን ብዙ አልተለወጠም። የምግብ ቤቱን ጣሪያ አስቀይሬዋለሁ፤ ዝናብ ሲመታው እንደ ድሮው አያደነቁርም። አንቺ ስትጨቀጭቂኝ የነበረውን ሶላርም አስገብቻለሁ። አልጋሽን አላነሳሁትም። ደንበኞቹ አሁንም «ማማ ፍሬ» ይሉኛል፤ እናትን በልጇ ስም መጥራት የአገሩ ወግ ስለሆነ ተዉ ማለት አልቻልኩም። ነገሩን ያልሰማ ሰው ሲመጣ «ፍሬ የታለች?» ይለኛል። መጀመሪያ መጀመሪያ ወጥ ቤት ገብቼ እቀር ነበር። አሁን «አገር ቤት ናት» እላለሁ። ውሸት አይደለም።

ልነግርሽ የፈለግሁት ግን ስለዚያ ጨዋታሽ ነው። ጂኦካቺንግ። አሁን ስሙን አስተካክዬ እጠራዋለሁ። በሕይወት ሳለሽ ስንት ጊዜ ልታስረጂኝ ሞክረሽ፣ እኔ ድስቴን ሳማስል አልሰማሁሽም። አሁን እኔ ለሰው አስረዳለሁ። አንድ ሰው በትንሽ ዕቃ ውስጥ ደብተር ከትቶ የሆነ ቦታ ይደብቃል። የቦታውን ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ያወጣል። ሌላው በስልኩ እየተመራ ሄዶ ይፈልገዋል። ካገኘው ደብተሩ ላይ ስሙንና ቀኑን ጽፎ፣ ዕቃውን እንደነበረ መልሶ ደብቆ ይሄዳል። ይኸው ነው። ምንም አይወሰድም።

ቦርሳሽ ውስጥ ያን ጠርሙስ ያገኘሁበትን ቀን ታስታውሻለሽ? የተጠቀለለ ወረቀት፣ አንድ ዛጎል፣ ሁለት አዝራር፣ ቀይ ክር። ያንን ያየ የእኛ አገር ሰው ምን ይላል? መተት ነው አልኩ። በዚያ ላይ የምትመላለሺው ጀበል ኩጁር ተራራ ነው፤ ኩጁር በአገሬው ቋንቋ ጠንቋይ ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ልጄን አስነኩብኝ ብዬ ጠርሙሱን በጨርቅ ይዤ ጠበል ሞላሁበትና ፀሐይ ላይ አቆምኩት። ከሥራ ስትመለሺ አይተሽ መጀመሪያ ጮኽሽ፣ ቀጥሎ በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለልሽ። ለካ ክዳኑን ልትቀይሪለት ያመጣሽው የጨዋታው ዕቃ ነው። «እማዬ፣ የደብተሩን ሰዎች በሙሉ አጠመቅሻቸው» አልሽኝ። አንዱ ጀርመን፣ ሁለቱ ኬንያዊ፣ ስማቸው ሁሉ ሟሙቶ ሰማያዊ ውኃ ሆኖ ነበር። ማታ ራት ላይም «ጀርመኑን ክርስትና ማን እንለዋለን?» እያልሽ ስታስቂኝ አመሸሽ።

ከቅዳሴ መልስ ሁልጊዜ «ዛሬ አብረን እንሂድ» ትይኝ ነበር። እሑድ የምሳ ሰው ይበዛል አልኩሽ። ስልክ ይዘሽ ድንጋይ ሥር ስትጎነበሺ ወታደር ቢያይሽ ሰላይ ናት ይልሻል አልኩሽ። ጉልበቴን ያመኛል አልኩሽ። የመጨረሻው እሑድ፣ ለሥልጠና ካምፓላ ልትሄጂ ሦስት ቀን ሲቀርሽ፣ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመሽ «አዲስ ደብቄያለሁ፤ ለአንቺ ብዬ ቀላል ቦታ ነው ያደረግሁት» አልሽኝ። «ስትመለሺ» አልኩሽ። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር፤ ቀና ብዬ እንኳ አላየሁሽም። ልጄ፣ ከሁሉም በላይ የሚያቃጥለኝ እሱ ነው። ቀና ብዬ አላየሁሽም።

ስልክሽን ከነተሰነጠቀ መስታወቱ ያመጣችልኝ ኛማል ናት። ጋምቤላ ተወልዳ አዲስ አበባ ስላደገች አማርኛዋ ከእኔ ይበልጣል፤ አንቺም በምትሠሪበት የካርጎ ቢሮ ከሁሉ የምትቀርቢው እሷን ነበር። ተዝካርሽን ካወጣን በኋላ አንድ ቀን ከሰፈሯ ከማንጋቴን መጥታ «ማዘር፣ ፍሬ መጨረሻ ላይ የደበቀችው ጀበል ላይ ነው። እኔም ገና አልሄድኩም። አብረን እንሂድ?» አለችኝ። እኔ ብቻዬን መሄድ ፈለግሁ። ቦታውን ስልኬ ላይ አወጣችልኝ። «ቀስቱን ይከተሉ። ቁጥሩ ሲያንስ እየቀረቡ ነው» አለችኝ።

ቦዳ ሞተር ይዤ ሄድኩ። ሾፌሩ ተራራው እግር ሥር አወረደኝ። ጠጠር የሚሸጡ ሴቶች ተቀምጠው ድንጋይ ይፈልጣሉ። እኔ በጥቁር ልብሴ፣ ስልኬን ይዤ፣ አንዱን ትልቅ ድንጋይ ሦስት ጊዜ ዞርኩት። አንዷ፣ ማማ ኪደን የሚሏት፣ መዶሻዋን ሳታስቀምጥ ሳቀችብኝ።

«ምን ጠፋብሽ?» አለችኝ በዐረብኛ።

«ማፊ» አልኳት። ምንም።

«ምንም ከሆነ ስልክሽን ለምን ገልብጠሽ ያዝሽው?»

እውነቷን ነበር። ገለበጥኩት። እሷም «ያቺ የሐበሻ ልጅ የደበቀችውን ነው የምትፈልጊው። አላሳይሽም። ለማንም እንዳላሳይ አስምላኛለች» አለችኝ። በተሰባበረው ዐረብኛዬ እናቷ ነኝ አልኳት። መሞትሽንም ነገርኳት። መዶሻዋን አስቀመጠች። መጥታ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠችና እጄን ያዘች። እጇ ልክ እንደ ድንጋዩ ነው። «ማሌሽ፣ ማማ» አለችኝ፣ «ማሌሽ።» አዝናለሁ፣ አይዞሽ ማለቷ ነው። ከዚያ ተነስታ ቀሚሷን አራገፈችና ወደ ድንጋይዋ ተመለሰች። «አሁንም አላሳይሽም» አለችኝ። «ፈልገው ካላገኙት ደስ አይልም ብላኛለች። ፈልጊ።»

አገኘሁት። ከድንጋዩ ጀርባ ስንጥቅ ውስጥ፣ በደረቴ ልክ። ለጉልበቴ አስበሽ መጎንበስ የማያስፈልግበት ቦታ መርጠሽ ነበር። ዕቃው የኮረሪማ ዕቃዬ ነው፣ ያ ጠፍቶብኝ አስተናጋጇን የጠረጠርኩበት። ክዳኑን ስከፍተው አሁንም ይሸታል። ውስጡ ደብተር አለ። የመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ በራስሽ እጅ ጽሑፍ፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም፣ «ይህ መስመር የእናቴ ነው፤ እስክትመጣ አትጻፉበት» ይላል። መስመሩ ባዶ ነው። ሦስት የማላውቃቸው ሰዎች መጥተው፣ ያንን መስመር ዘለው ከሥሩ ጽፈዋል።

እስክርቢቶ ይዤ ነበር። ግን መጻፍ አልቻልኩም። ከጻፍኩ የሚያልቅ መሰለኝ። የምትጠብቂኝ እስከሆነ ድረስ የሆነ ቦታ ያለሽ መሰለኝ። ዕቃውን በነጠላዬ ጠቅልዬ ይዤው ወረድኩ። ሕጉን አውቃለሁ፤ አንቺ አሥር ጊዜ ነግረሽኛል። ቢሆንም በጁባ ከአንቺ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው ብዬ ወሰድኩት። ከፎቶሽ ሥር አስቀመጥኩትና ዳንቴል አለበስኩት።

አራት ወር እንደዚያ ኖርን። አንድ ቀን ኛማል ምሳ ልትበላ መጣች፣ ፊቷ ጠቁሮ። ጀበል ሄደው የደበቅሽውን ዕቃ ያጡ ሰዎች ኢንተርኔቱ ላይ ጽፈዋል። አራተኛው ሰው ሁለት ሰዓት ፈልጓል። «ማዘር፣ ካልተመለሰ ገጹን ይዘጉታል። ከተዘጋ በኋላ ማንም እሷ ያሳየችው ቦታ አይመጣም» አለችኝ። ከዚያ እንጀራዋን እየጠቀለለች «የፍሬን ዕቃ የሰረቀ ሰው እጁ ይሰበር» አለች። እኔ ወጥ ጨመርኩላት። «ዓይኑም ይጥፋ» አለች። እንደገና ጨመርኩላት። «ማዘር፣ ይብቃኝ» ስትለኝ ዳንቴሉን ገልጬ አሳየኋት።

እንጀራዋን አስቀመጠች። «እስካሁን ስረግም የነበረው እርስዎን ነው?» አለችኝ። ሳቋ መጣ፣ ከሳቋ ጋር ለቅሶዋ። ደብተሩን ከፍታ እኔ ያላወቅሁትን እንግሊዝኛ አነበበችልኝ። አንደኛው ሰው ከስሙ አጠገብ «እናት ሆይ፣ ቶሎ ነይ፣ እይታው ያምራል» ብሎ ጽፏል። የማያውቀኝ ሰው። መስመሬን ጠብቆልኝ የሄደ ሰው። እኔ ግን ለእሱ ዓይነቱ ሰው የተተወውን ይዤ ቤቴ ቆልፌያለሁ።

ሦስት ቀን አሰብኩበት። ቤት ካስቀመጥኩት የኔ ብቻ ትሆኛለሽ፤ እኔ ስሞት አብረሽኝ ትረሺያለሽ። ከመለስኩት ደግሞ እጄ ላይ ምንም አይቀርም። ለእናት ሁለቱም ከባድ ነው። አንቺ ግን ሕይወትሽን ሙሉ በር ከፍቶ መተው የምትወጂ ልጅ ነበርሽ።

እሑድ ምግብ ቤቱን ዘጋሁ። ከሐዘንሽ ወቅት በቀር፣ ከከፈትን ጀምሮ እሑድ ሲዘጋ የመጀመሪያው ነው። ከቅዳሴ ወጥቼ ከኛማል ጋር ሄድን። ማማ ኪደን ከሩቅ አይታን ለጓደኞቿ «ሌባዋ መጣች» አለች። ለካ ያን ቀን አይታኛለች። «ለምን ዝም አልሽኝ?» አልኳት። «ልጅሽን ይዘሽ ስትሄጂ ምን ብዬ ላስጥልሽ?» አለችኝ።

ደብተሩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጻፍኩ። ፊደሉ ተጣሟል። «መጣሁ ልጄ። ዘገየሁብሽ። እናትሽ» ብዬ ነው የጻፍኩት። ቀኑንም ጻፍኩ። ከዚያ ክዳኑን ገጥሜ ስንጥቁ ውስጥ መለስኩትና ቀና ብዬ አየሁ። ከተማው እስከ ወንዙ ድረስ ይታያል። ያምራል፣ ልጄ። ሰውዬው አልዋሸም። ካንቺ ጋር ሆኜ ላየው ይገባኝ ነበር።

አሁን እሑድ እሑድ ከኛማል ጋር እንወጣለን። በጁባ ያሉት የተደበቁ ዕቃዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ አብዛኞቹንም የደበቃችኋቸው አንቺና ኛማል ናችሁ። ሸሪካት ሰፈር ማንጎ ዛፍ ላይ ያለውን ለማግኘት ሦስት እሑድ ፈጀብኝ። ውስጡ ስምሽን ሳገኝ እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ፤ የሚያልፉ ሴቶች የሞተብኝ ሰው ዛፉ ሥር የተቀበረ መስሏቸው አብረውኝ አለቀሱ። አላረምኳቸውም። ደስታ አገኘሁ ብዬ አልዋሽሽም። ቤት ስመለስ አልጋሽ እንደተነጠፈ ነው። ግን በየሳምንቱ አንቺ የረገጥሽውን እረግጣለሁ።

እስካለሁ ድረስ አልረሳሽም። ጉልበቴ እስከቻለ ጀበል እወጣለሁ፤ ደብተሩ ሲሞላ አዲስ እገዛለሁ፣ አሮጌውን አስቀምጥልሻለሁ። ኛማልም እኔ ስደክም እንደምትተካኝ ቃል ገብታልኛለች።

ይህን ደብዳቤ ኛማል ሰው እንዲያነበው ልታወጣው ነው። ስለዚህ የመጨረሻዋን ቃል ለእናንተ ለአንባቢዎቹ ልተው። ልጄን ሰው ሁሉ ፍሬ ብሎ ይጠራት ነበር፤ የክርስትና ስሟ ግን ወለተ ሥላሴ ነው። በየቤተ ክርስቲያናችሁ ስትቆሙ በዚህ ስም አስቧት። እስላም የሆናችሁም፣ ሌላ እምነት ያላችሁም፣ በምታውቁት ጸሎት ነፍሷን ይማር በሉልኝ። አንድ ጊዜ ይበቃኛል። ብቻ ደብዳቤውን ስትጨርሱ፣ እዚያው በተቀመጣችሁበት አድርጉት። እንደ እኔ «ኋላ» አትበሉ።