ያልተተኮሰችው ጥይትና የአቶ አርቪድ ስቶረን ሕይወት

አቶ አርቪድ ስቶረን ከአባታቸው ከአቶ ቶርቫልድ ስቶረንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጉድሩን ሊየን፣ ማርች 4 ቀን 1931 እ.ኤ.አ.፣ በሞንታና ከኖርዳል ከተማ በስተሰሜን ዘጠኝ ማይል ርቆ ባለው የቤተሰቡ የስንዴ እርሻ ተወለዱ። ከአምስት ልጆች ሁለተኛው ናቸው። የመጨረሻው ይህን የጻፈው ሃልቮር ነው።

የአቶ አርቪድ ልጆች በዚህ በሽኝታቸው ላይ በሚነበብ ጽሑፍ ውስጥ “በመጨረሻ ዘመናቸው አእምሯቸው ደክሞ ነበር” የሚል ቃል እንዲገባ ጠይቀዋል። አልገባም። ምክንያቱ በቦታው ይነገራል፤ እስከዚያው ማንም ከወንበሩ አይነሳ።

አቶ አርቪድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በአንድ ክፍል፣ በአንድ መምህርትና በአንድ ምድጃ በሚሠራው የገጠር ትምህርት ቤት ተከታትለው፣ ሁለተኛ ደረጃን በ1949 በኖርዳል አጠናቀቁ። በ1951 ለውትድርና ተጠርተው ወደ ኮሪያ ዘመቱ። እዚያም ጠመንጃ ይጠግኑ እንጂ አይተኩሱም ነበር። በ1953 ተመልሰው በኖርዳል የእህል ጎተራ ተቀጠሩ፤ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ስንዴ መዝነው በ1992 ጡረታ ወጡ። ጁን 16 ቀን 1956 ከወይዘሮ ሶልቬግ ብሬከ ጋር በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጽመው ዳግኒንና ኬንትን ወለዱ።

የሚታወቁት ግን በአረር ሥራቸው ነው። ሥራውን የጀመሩት በ1957 ክረምት ነው። የዚህ አገር ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የመሬት ሽኮኮ ስንዴን ከሥሩ ይጨርሳል፤ ለሽኮኮ የሚሆነው ቀጭን አረር ደግሞ በሱቅ ውድ ነበር። ስለዚህ አቶ አርቪድ በከተማው የኢላማ መለማመጃ ሜዳ ሰው ተኩሶ የጣላቸውን የሃያ ሁለት ካሊበር የናስ ቀለሆች እየለቀሙ፣ በኮምጣጤ አጥበው፣ በኦቨን አድርቀው፣ ከሥራቸው ያለውን ከንፈር በእጅ መጭመቂያ አቃንተው፣ ሆዳቸውን በእርሳስ ሞልተው፣ አፋቸውን ያሾሉ ነበር። ከዚያ ውስጥ የናስ ካባ የለበሰ አረር ይወጣል። አረሩን ገልብጦ ላየው ከሥሩ የፋብሪካው ፊደል ድብዝዝ ብሎ ይታያል።

ይህን ስስት ያሉት ነበሩ። በ1974 አንድ ጋዜጣ “የኖርዳሉ ቆርቆሮ ለቃሚ” ብሎ ጽፎባቸዋል። ናስንና ቆርቆሮን መለየት ያልቻለ ጋዜጠኛ ስለ ስስት ሊያስተምረን! ሠላሳ ቤተሰብ በዚያ “ቆርቆሮ” ስንዴውን ሲጠብቅ ኖሯል፤ አቶ አርቪድም ለአንዲት አረር እንኳ ዋጋ ጠይቀው አያውቁም። የተቀበለ ሰው ዛሬ እዚህ ተቀምጧል፤ ያፍራል ብለን ግን አንጠብቅም።

በስድሳ ዓመት ሥራቸው የማይጥሱት ሕግ አንድ ነበር። ከተጣሉት ቀለሆች መካከል አንዳንድ ጊዜ ሳትተኮስ የወደቀች ጥይት ትገኛለች፤ እሷ ኦቨን ከገባች ትፈነዳለች። ስለዚህ እያንዳንዷን ቀለህ በዓይናቸው አይተው፣ አፏን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ነክተው፣ “ባዶ ነሽ?” ብለው ነበር ትሪው ላይ የሚያስቀምጧት። ወይዘሮ ሶልቬግ በዚህ ይናደዱ ነበር።

“አንተ ሰውዬ፣ እኔን በሳምንት አንዴ እንኳ ደህና ነሽ ወይ አትለኝም፤ ቀለሁን አንድ በአንድ ትጠይቃለህ!”

“አንቺ አትፈነጂማ።”

“ጠብቅ ብቻ!”

ኦክቶበር 11 ቀን 2017፣ ረቡዕ፣ ከቀትር በኋላ፣ ወይዘሮ ሶልቬግ ዳቦ ሊጋግሩ ኦቨኑን አቀጣጠሉ። የቀለሆቹ ትሪ ኦቨኑ ውስጥ ነበር። ከቀለሆቹ አንዷ ያልተተኮሰች ነበረች። የኦቨኑ መስታወት ተሰባብሮ የወይዘሮ ሶልቬግ ክንድ ሰባት ቦታ ተሰፋ።

አቶ አርቪድ ያኔ ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነበር። ሐሙስም፣ ዓርብም፣ ቅዳሜም የተናገሩት አንድ ቃል ነው፦ “ያልነካኋት አላስገባሁም።” እሑድ ከጸሎት በኋላ ቤተሰቡ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰበሰበ።

“አባዬ፣ ታዲያ ማን አስገባት? መልአክ?” አለ ኬንት።

“ኬንት፣ ቀስ በል” አለች ዳግኒ። “አባዬ፣ ማንም አልተቆጣህም። ግን እማዬ ዓይኗን ብታጣስ ኖሮ?”

“ዓይኔ ይኸው ቦታው ላይ ነው” አሉ ወይዘሮ ሶልቬግ። “ስለ ዓይኔ እኔ ልናገር።”

ሃልቮር ጠረጴዛውን መታ። “ስድሳ ዓመት ሙሉ አንዲት ያላመለጠችውን ሰው በአንድ ቀን ልትቀብሩት ነው? እናንተ ሁለታችሁ አንድ ሺህ ቀለህ ብትለቅሙ አሥሯ ትፈነዳባችሁ ነበር!”

“አጎቴ፣ ጩኸት መልስ አይሆንም” አለ ኬንት።

አቶ አርቪድ መጀመሪያ በካርቶን ወደተሸፈነው ኦቨን፣ ቀጥሎ ወደ ሃልቮር ተመለከቱ። ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያ “እኔ ነኝ” አሉ። “ሳልነካ አስገባኋት። ረስቼው ነው።”

መጭመቂያው በዚያው ቀን በኬንት መኪና ተጭኖ ሄደ። በሳምንቱ ሐኪም ዘንድ ቀርበው፣ አእምሯቸው እንዲፈተን፣ በወረቀት ላይ ሰዓት እንዲስሉ ታዘዙ። ስድሳ ዓመት በሺህኛ ኢንች ሲለካ የኖረ ሰው ሰዓት ይሳል ተባለ! ለሦስት ቀን “አላደረግሁም” ብለው በአራተኛው “አደረግሁ” ማለታቸውን ሐኪሙ የመርሳት ምልክት ብሎ መዘገበው። ፖሊስ ቢሆን የእምነት ቃል ይለው ነበር፤ ፓስተር ቢሆን ንስሐ። የትኛው እንደሆነ ግን ማንም አላጣራም።

ለማጣራት የሚችል አንድ ሰው ነበር። የዚያን ረቡዕ ጠዋት አቶ አርቪድ ጉንፋን ይዟቸው ተኝተው ነበር። ሃልቮር ከኢላማው ሜዳ አንድ ባልዲ ቀለህ አምጥቶ፣ ሊያግዛቸው ብሎ፣ ራሱ አጥቦ ግማሽ ትሪ ሞላ። ከምሳ በኋላ አቶ አርቪድ ተነስተው ቀሪውን ግማሽ ሞሉ። ሃልቮር የመስኮቱን ብርሃን ያስታውሳል፤ ራዲዮው የስንዴ ዋጋ ሲናገር ያስታውሳል። የእያንዳንዷን አፍ በጥፍሩ መንካቱን ግን አያስታውስም። የነካም ይመስለዋል፤ ያልነካም ይመስለዋል። በዚያ ጠረጴዛ ላይ ያን ያህል ሲጮህ ይህችን አንዲት ነገር አልተናገረም።

እንግዲህ አቶ አርቪድ “እኔ ነኝ” ያሉት በእውነት ረስተው ነው? ወይስ ግማሹን ትሪ ማን እንደሞላው አስታውሰው ወንድማቸውን ሸፍነው ነው? ሸፍነው ከሆነ አእምሯቸው ከሁላችንም የበለጠ ይሠራ ነበር። ረስተው ከሆነ ልጆቻቸው ልክ ናቸው። ሃልቮር ሁለት ዓመት ከራሱ ጋር ሲሟገት ኖሮ፣ በ2019 አቶ አርቪድ በገቡበት የአረጋውያን መኖሪያ ካርታ ሲጫወቱ ጠየቃቸው።

“አርቪድ፣ የዚያን እሑድ ለምን እንደዚያ አልክ?”

“ምን አልኩ?”

“ያስገባኋት እኔ ነኝ አልክ።”

አቶ አርቪድ በካርታቸው ላይ ፈገግ አሉ። “ተራው ያንተ ነው” አሉ። “ብዙ አታስብ፤ ድሮም ስታስብ ነው የምትሸነፈው።”

ሃልቮር ካርታ ጣለ፤ ተሸነፈም። መልስ ማግኘቱን እስከ ዛሬ አያውቅም።

አቶ አርቪድ በልብ ድካም ሲታመሙ ቆይተው ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2021 በተወለዱ በሰማንያ ዘጠኝ ዓመታቸው ዐረፉ። ልጆቻቸው የጠየቁት ቃል ያልገባው በዚሁ ባልተፈታ ጥያቄ ምክንያት ነው። ዳግኒና ኬንት የባልዲውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰሙት አሁን፣ ከዚህ ወረቀት ነው። የሚቆጡ ከሆነ ሃልቮር ከምሳው በኋላ በምድር ቤቱ አዳራሽ ይገኛል፤ አይሸሽም።

ወይዘሮ ሶልቬግ ግን ጽሑፉን ትናንት አስቀድመው አንብበውታል። ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

“አንተና እሱ” አሉ፣ “ትሪውን ማን እንደሞላው ስትደባበቁ ኖራችሁ። ኦቨኑን ያቀጣጠልኩት እኔ ነኝ። ስድሳ ዓመት ሙሉ በሩን ከፍቼ ሳላይ አቀጣጥዬ አላውቅም፤ ያን ቀን አልከፈትኩም። ለምን እንዳልከፈትኩ አላውቅም። አንድ ሰው እንኳ አልጠየቀኝም። እሱንም ጻፈው።”

ተጽፏል።

አቶ አርቪድ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሶልቬግን፣ ልጆቻቸውን ዳግኒንና ኬንትን፣ አራት የልጅ ልጆችንና ወንድማቸውን ሃልቮርን ትተው ሄደዋል። በዚያ ቤት የማን እጅ ምን እንዳደረገ የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይቀበል። እኛንም ሳናውቅ የፈረድነውን ይቅር ይበለን። አሜን።