ዲስኩን እንዳትነቅዪው

እታለም፣

ከምንም ከምንም በፊት፣ ራውተሩ ላይ የተሰካውን ዲስክ እንዳትነቅዪው። በእናታችን!

ጠዋት መብራት ድርግም ብሎ ራውተሩ ጠፋ። መልሶ ሲነሳ ዲስኩን ሊከፍተው አልቻለም። ስለዚህ ከኮምፒውተርሽ የሥዕሎችሽን ማህደር ስትከፍቺ ባዶ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ባዶ ሆነ ማለት ሥዕሎቹ ጠፉ ማለት አይደለም፤ ራውተሩ ዲስኩን እስኪከፍተው ድረስ የሚያሳይሽ የማህደሩን ስም ብቻ ነው።

ደንግጠሽ ዲስኩን ነቅለሽ ኮምፒውተርሽ ላይ ብትሰኪው «ፎርማት ላድርገው?» ይልሻል። ዲስኩ የተዘጋጀው ራውተሩ በሚሠራበት፣ ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት ስለሆነ የአንቺ ኮምፒውተር ማንበብ አይችልም። እሺ ካልሽው ሁሉንም ይደመስሰዋል፤ የሦስት ዓመት ልፋትሽ አለቀ።

አሁን ራውተሩ ራሱ ዲስኩን እየጠገነው ነው። ራውተሩ ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ማለቷን እስክትተው ጠብቂ። አሳታሚሽ ሥዕሎቹን ሊወስድ ቀድሞ ከመጣብሽ ሻይ አፍዪለት፣ በወሬ ያዢው፣ የመጣልሽን አድርጊ። ሥዕሎቹ ይመለሳሉ ብዬ ግን መማል አልችልም። ዛሬ የምፈተነው የሥራ ፈተና ላይ ስልክ በር ላይ ስለሚሰበስቡ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አታገኚኝም።

ለካውያ የሚሆን ሌላ ሶኬት የለንም ብዬ ስንቴ ነግሬሻለሁ!

መብራት አልጠፋም፣ እታለም። ሸሚዜን ልተኩስ ብዬ ራውተሩን ከሶኬቱ የነቀልኩት እኔ ነኝ።

«እንዳይነቀል» ብለሽ የለጠፍሽውን ወረቀት ቦታው መልሼዋለሁ። አንዱን እጅጌ ብቻ ተኩሼ ነው የወጣሁት።