ስልሳ ጸደቁ፣ አርባ ሞቱ

ሰኞ፣ ቢቸና

ዛሬም ከሞጣ መልስ የለም። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር የሰጠኝ ጊዜ እስከ ዓርብ ነው። ቅዳሜ በዘመቻ ከምንጩ በላይ ያለው ተረተር ባሕር ዛፍ ይተከልበታል። ባሕር ዛፍ ምንጩን ይጠጣዋል፤ ወይራ ይሁን ብዬ በስብሰባ ተከራከርሁ።

«ዛፍ አትትከሉ ሲል የሰማሁት ሰው እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት» አለና ሊቀ መንበሩ ሳቀ። «ጡረታ የወጡት ለማረፍ መስሎኝ! ወይራ እዚህ አገር እንደሚጸድቅ ማስረጃ ያምጡ።»

ማስረጃው ሞጣ ነው። የቀድሞ ተማሪዬ ጥሩወርቅ እዚያ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። አምና መቶ የወይራ ችግኝ ልኬላት ከግቢው ጀርባ ተክላዋለች። ቆጥረሽ አሳውቂኝ ካልኋት ሁለት ሳምንት አለፈ።

ማክሰኞ

የለም። የችግኝ ጣሳዎቹን አረምሁ። ሁለት ጊዜ ቴሌ ሄድሁ። መቀመጥ አቃተኝ።

ረቡዕ

ቴሌግራሙ መጣ፤ ግን ቴሌዎቹ ተጠራጥረው ለእኔ ሳይሆን ለካድሬው ለጓድ ታደለ ሰጡት። አስጠራኝ። ወረቀቱን ገፋልኝ፦ «ስልሳ ጸደቁ። አርባ ሞቱ። ሌላ መቶ ይላኩ። ጥሩወርቅ።»

«የሞቱት እነማን ናቸው?»

«ወይራዎች ናቸው።»

«የጸደቁትስ?»

«እነሱም ወይራዎች።»

«አይቀልዱብኝ እትዬ! የቅኔ አገር ሰው መሆንዎን አውቃለሁ። ሰሙን ነገሩኝ፤ አሁን ወርቁን ያውጡ።»

ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር! ለጥሩወርቅ ስንቴ በቀይ አርሜላት ነበር። እስኪጣራ ከቤት እንዳልወጣ ታዘዝሁ። ማስረጃዬም በጓድ ታደለ መሳቢያ ውስጥ ቀረ።

ሐሙስ

የእርሻ ቢሮው የችግኝ ቅጽ ሣጥኔ ውስጥ ነበር። «የተተከለ፣ የጸደቀ፣ የሞተ» ይላል፤ በመንግሥት ማኅተም። በጎረቤቴ እጅ ለጓድ ታደለ ላክሁለት። ከሥሩ «ካላመኑ ሞጣ ያስቆጥሩ» ብዬ ጻፍሁ። ድፍረት መሆኑ የታወቀኝ ከሄደች በኋላ ነው። ቀኑን ሙሉ በሩን ሳይ ዋልሁ።

ዓርብ

ጓድ ታደለ ከሊቀ መንበሩ ጋር መጣ። ሞጣ ደውሎ አስቆጥሯል።

«ስልሳ አይደሉም፤ ሃምሳ ስምንት ናቸው!» አለ፣ ስዋሽ እንደያዘኝ ሁሉ።

ተናደድሁ፤ በእርሱ ሳይሆን በጥሩወርቅ። ይህም ሆኖ ከግማሽ በላይ ነው። ሊቀ መንበሩ ጣሳዎቹን እየዞረ አየ። «ከምንጩ በላይ ያለው ለወይራ ይሁን» አለ በመጨረሻ። «ከሞቱ ግን በእርስዎ ስም ነው የሚመዘገበው።»

እሺ አልሁ።

ቅዳሜ

ተተከለ። ጥልቀት ያልነበራቸውን አሥራ አንድ ጉድጓዶች እንደገና አስቆፈርሁ። «እትዬ፣ ፈተና ነው እንዴ?» አለች ከሚተክሉት ሴቶች አንዷ። ነው አልኋት።

ዝናቡ ግን ከዳን። ደመናው በላያችን አልፎ ወደ ዓባይ ወረደ፤ ፀሐዩ ቅጠሎቹን ሲያጠወልግ አየሁ። ሴቶቹ ማንም ሳያዛቸው በእንስራ ሽቅብ እያመላለሱ አጠጡ። ነገም ችግኙ ውኃ ማግኘት አለበት። ነገ ሰንበት ነው። ችግኝ ማጠጣት ሥራ ነው ወይስ ለተጠማ ውኃ መስጠት ነው እያሉ ሲከራከሩ ትቻቸው መጣሁ።