ሁሉን ልብስ በአንድ ሳሙና ላሳጠቡን ለክቡር የንጽሕና ሹም

ሶዶ፣ መጋቢት 13 ቀን 1926 ዓ.ም.

ለክቡር ቀኛዝማች ዓምደሚካኤል
የከተማው የንጽሕና ሹም

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤናዎ እንደ ምን ሰንብቷል እላለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ የታመመው ልብሴ ነው። ነጠላዬ ከየካቲት ወዲህ የወባ በሽተኛ መልክ ይዟል፤ ሱሪዬ የደረሰበትን ከዚህ በታች እገልጻለሁ። ለቤተሰብዎ፣ ለበቅሎዎ፣ ይልቁንም ለጥቁሩ የሱፍ በርኖስዎ ጤና እመኛለሁ። የበርኖሱ ነገር ተስፋ የሌለው መሆኑን ባውቅም፣ መመኘትን የሚከለክል አዋጅ እስከ ዛሬ ከመሥሪያ ቤትዎ አልወጣምና።

በዚሁ ጉዳይ ከአሁን ቀደም የታሸገ ደብዳቤ ልኬልዎት መልስ አላገኘሁም። ሥራ እንደሚበዛብዎት ስለማውቅ አልተቀየምኩም። ይህኛው ግን እንዳይደበቅ በገበያው መግቢያ ይለጠፋል፤ ማንበብ ለማይችሉት ረዳቴ ደገፉ በወላይትኛ ያነብላቸዋል። ሃምሳ ሦስት ዓመት ኖሬ፣ ከዚያም ውስጥ አራቱን በቤይሩት ዩኒቨርሲቲ የመድኃኒት ቅመማ ስማር አሳልፌ፣ ስለ ልብስ አጠባ ለሹም አቤት የምልበት ቀን ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ቀኑን ስላመጡልኝ አመሰግንዎታለሁ።

አዋጅዎ በነጋሪት ሲነገር ገበያው መካከል ቆሜ ሰምቻለሁ። ጥጥ ይሁን ሱፍ፣ ነጭ ይሁን ባለ ቀለም፣ በከተማው ምንጭ የሚታጠብ ልብስ ሁሉ በፈላ ውሃና በፈረንጅ ሳሙና ብቻ ይታጠብ፤ እንጨት እንዳይባክንም የአንድ ቤት ልብስ በአንድ ጋን ይቀቀል፤ እንዶድ ሲወቅጥ የተገኘ ሙቀጫው ይሰበር፤ በአጥሩ ላይ እንዶድ ያበቀለ ይንቀል የሚል ነበር። ነገሩ በአማርኛ ብቻ ስለ ተነገረ ከገበያተኛው የሚበዛው ከዚያ ሁሉ ቃል የለየው «ሳሙና» የሚለውን ነው። ሹሙ ሳሙና ሊያድሉን ነው ብለው ሴቶቹ እልል አሉ። ያ እልልታ ሕዝቡ አዋጁን በደስታ ስለ መቀበሉ ማስረጃ ሆኖ ለበላይ አካል እንደ ተጻፈ ሰምቻለሁ። ሳሙናውን ብቻውን የሚያስመጣው ሰው የባለቤትዎ ወንድም መሆኑም እንዲያው የአጋጣሚ ነገር ነው ብዬ አምኛለሁ። ከእኔ ሌላ ያመነ ሰው ግን እስካሁን አላገኘሁም።

አሁን ወደ አቤቱታዬ እገባለሁ።

አንደኛ፦ ስለ ነጭ ልብስ። ከዳሞታ ተራራ ሥር የሚፈልቀው ውሃችን ለመጠጥ የተመሰገነ ነው፤ ከሳሙና ጋር ግን አይስማማም። ሳሙናው ሲነካው አረፋ ከመሆን ይልቅ እንደ ተበላሸ ወተት ይቋጠራል፤ ቋጠሮውም በክሩ መካከል ገብቶ ይቀመጥና ፀሐይ ሲያገኘው ቢጫ ይሆናል። እንዶድ ግን ውሃ አይመርጥም። ፍሬው ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ ተዘፍዝፎ፣ ነጠላው በእግር ሲረገጥ እድፉን ብቻ ይዞ ይወጣል። ይህን ለማወቅ ቤይሩት መሄድ አያስፈልግም፤ መጠየቅ ብቻ ይበቃል። ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው ግን መጠየቅ ከመሄድም ይልቅ እንደሚከብድ እረዳለሁ። ባለፈው እሑድ በቅዳሴ ሰዓት ምእመናኑ ሁሉ ከዳር እስከ ዳር እንደ በሬ ጥርስ ቢጫ ሆነው ሲቆሙ፣ በመካከላቸው አንድ ኩታ ብቻ እንደ እርጎ ነጥቶ ይታይ ነበር። ኩታው የእርስዎ ነበር። ሳሙናው የወዳጁን ልብስ ለይቶ እንደሚያውቅ ያን ዕለት ተረዳሁ፤ ለተገለጠልኝ ተአምርም ተንበርክኬ አመሰገንኩ።

ሁለተኛ፦ ስለ ዓሣ። እንዶድ የምንጩን ዓሣ ይጨርሳል ተብሏል። እንዶድ ዓሣ እንደሚገድል አልክድም። በዚያ ምንጭ ዓሣ ያየ ሰው ግን የለም። አንድ ዓሣ እንኳ ቢያሳዩኝ ራሴ ቀርቤ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።

ሦስተኛ፦ ስለ ባለ ቀለም ልብስ። ሸማኔው ጩማ ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ ጥለት ያለበት ዱንጉዛ ሠርቶልኝ ነበር። ዱንጉዛ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ለብቻው፣ ሳይጨመቅ የሚታጠብ ልብስ ነው። በአዋጅዎ መሠረት ከሱሪዬ ጋር በአንድ ጋን ተቀቀለና ቀዩ ቀለም ከቤቱ ተሰዶ ሱሪዬ ላይ ሰፈረ። ያን ሱሪ ለብሼ ስወጣ ጎረቤቴ ፀዳለ ከደጃፏ ሆና «ጋሼ ጉልላት፣ ሠርጉ መቼ ነው? ምነው ሳይጠሩን!» አለችኝ። በሃምሳ ሦስት ዓመቴ ያለ ሙሽሪት ስለ ዳሩኝ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

አራተኛ፦ ክቡር ሆይ፣ እድፍ ሁሉ አንድ አይደለም። ወንበዴን ሁሉ በአንድ ወጥመድ መያዝ እንደማይቻል እርስዎ በሹመት ዘመንዎ ያውቁታል፤ ጨርቅም እንደዚያ ነው። ሴቶች እንሰት ሲፍቁ የሚረጭባቸው ፈሳሽ በፈላ ውሃ ውስጥ ከገባ ይጠቁርና ከልብሱ ጋር አብሮ ያረጃል፤ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ መለቅለቅ አለበት። ከጠጉር የወረደ ቅቤ የጠገበ ነጠላ አመድ ተዘፍዝፎ የጠለለ ውሃ ይፈልጋል። ቡልኮ ወፍራም ስለ ሆነ ብዙ እንዶድና ብዙ እግር ይፈልጋል። ሱፍ ቀዝቃዛ ውሃ፣ የሳሳ እንዶድና የዋህ እጅ እንጂ ሌላ አይፈልግም። እኔ የሳሙና ጠላት አይደለሁም። የክረምት ዝናብ ውሃ ተጠራቅሞ የሸሚዝ አንገትጌ ቢታጠብበት ሳሙናን የሚያህል የለም፤ ለእጅም መልካም ነው። ከአዋጁ በኋላ እጅዎን እንደ ታጠቡበት ማየትም አልተሳነኝም።

አምስተኛ፦ እስካሁን የጻፍኩት ስለ ጨርቅ ነው፤ ጨርቅ ይተካል። ይህኛው ግን ስለ ሰው ነው፤ እዚህ ላይ ትሕትናዬ ቢያንስ ይቅር ይበሉኝ፤ ያለቀው ትዕግሥቴ ነው።

ፈጠነች በምንጩ ዳር ልብስ እያጠበች ሁለት ልጆችና አንዲት ማየት የተሳናት እናት የምታስተዳድር ሴት ናት። የሰው ልብስ ከእጇ ጠፍቶ አያውቅም። እርሷና ባልንጀሮቿ የሚጠብቁት አንድ የሙያ ሕግ አላቸው፤ ልብስ የሚመለሰው ላመጣው እጅ ነው። ወንድም ቢመጣ፣ ሚስት ብትመጣ፣ ያላመጣ አይወስድም። እንዲህ ያለ ሥርዓት በመሥሪያ ቤትዎ ቢኖር ኖሮ ስንት አቤቱታ ከባለቤቱ ጋር በተገናኘ ነበር።

በዚህ ወር መጀመሪያ አሽከርዎ ቶማ በርኖስዎን ይዞላት መጣ። እርሷም ገልብጣ አይታ «ይኼ ሱፍ ነው ወንድሜ፤ እሳት ካየ ይሰበሰባል፤ በቀዝቃዛ ልጠበው» አለች። ቶማም ተስማምቶ ነበር። ምንጩን እንዲጠብቅ ያቆሙት ዘበኛ ግን ዱላውን ጋኑ ላይ አሳርፎ «ጥጥ ይሁን ሱፍ ተብሏል፤ ከሹሙ አንቺ ታውቂያለሽ?» አላት። ከምንጩ ዳር የነበሩት ሴቶች ሁሉ ሰምተዋል። እርሷም በርኖሱን ጋን ውስጥ ጨመረችው፤ ሳሙናውንም አስገባች፤ አዋጅዎን ከነፊደሉ ፈጸመች። በርኖሱ ሲወጣ ከትከሻ ጀምሮ ቁርጭምጭሚት ይደርስ የነበረው ወገብ ላይ ቀረ። በዚህ ከተማ አዋጅዎን ያለ አንዳች ጉድለት የፈጸመ ሰው ቢኖር ፈጠነች ናት። መሸለም ይገባት ነበር።

እርስዎ ግን ሆን ብላ አበላሽታብኛለች ብለው ከሰሷት። እንደ አገሩ ልማድ ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው ዳኛ ፊት እስኪቆሙ ድረስ አይለያዩም። ልማዱ ጥንታዊ ነው፤ ከሳሽም የክሱን ክብደት በራሱ ትከሻ እንዲያውቀው ታስቦ የተሠራ ይመስለኛል። እርስዎ ግን የራስዎን ኩታ ጫፍ በመስጠት ፈንታ ቶማን ሰጡ። ስለዚህ ያልከሰሰ ሰው ካላጠፋች ሴት ጋር ተቋጥሮ ሁለቱም በከተማው ሲዞሩ ይውላሉ፤ ማታ ማታ እርሷ ለዘበኛው ሚስት በአደራ ትሰጣለች፤ ሲነጋ እንደገና ይቋጠራሉ። ውሃ ልትቀዳ ስትጎነበስ ቶማ አብሮ ይጎነበሳል። እርሱ ትምባሆ ሊገዛ ሲሄድ እርሷ አብራ ትሄዳለች። ትናንት በደጄ ሲያልፉ ውሃ ሰጠኋቸውና ቶማን እንደ ምን ውለሃል ስለው «ጋሼ፣ ጌታው ራሳቸው ቢቋጠሩ ኖሮ በነጋታው ታርቀን ነበር» አለኝ። ፈጠነችም «አንተስ መልካም ሰው ነህ፤ ግን አካሄድህ እንደ ግመል ነው፤ እግሬ አለቀ» አለችው። ሳቃቸው አላሳቀኝም። እርሷ ከተቋጠረች ወዲህ አንድ ልብስ አላጠበችም፤ ልጆቿ በጎረቤት እጅ ናቸው፤ እናቷ በየማለዳው «ዛሬስ ትመጣለች?» እያለች ደጃፍ ትቀመጣለች።

ሰኞ ሲፈረድባት የበርኖሱ ዋጋ እስኪሞላ ድረስ በቤትዎ እንድታገለግል እንደሚጠይቁ ተናግረዋል። የዚያን በርኖስ ዋጋ አጣቢ ሴት በዕድሜዋ አትሞላውም። እንግዲህ የሚጠይቁት ካሣ አይደለም፤ የሚጠይቁት ሴትዮዋን ነው። ይህን በጨዋ አነጋገር የሚገልጽ ቃል በአማርኛም፣ በዓረብኛም፣ በፈረንሳይኛም ፈልጌ አጣሁ፤ ስለዚህ እንዳለ ትቼዋለሁ።

ከላይ በተጻፈው ምክንያት፣ ከፍ ባለ አክብሮት፣ የሚከተለውን አስታውቃለሁ። ሰኞ እኔ የፈጠነች ዋስ ሆኜ እቆማለሁ፤ ነገሯንም እኔ እከራከራለሁ። የምንጩን ሴቶች በምስክርነት አስጠራለሁ። በዳኛው ፊት አንድ ጋን ውሃ አስፈልቼ፣ አንድ ቁራጭ ሱፍ በሳሙና ቀቅዬ፣ ሌላውን ቁራጭ በቀዝቃዛ ውሃና በእንዶድ አጥቤ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አስለካለሁ። ለዚህ የሚሆን እንዶድ በአጥሬ ላይ አለ፤ አልነቀልኩትም፤ ሙቀጫዬም አልተሰበረም፤ ዘበኛዎን ሊልኩ ከፈለጉ ጠዋት ጠዋት ቤት ነኝ። ዳኛውንም ከሳሽ በአሽከሩ ሳይሆን በራሱ ኩታ እንዲቋጠር እጠይቃለሁ። ልማድ ከተከበረ ለሁሉም ይከበር።

የምጠይቀው ጥቂት ነው፤ ክሱን ያንሱ፤ ፈጠነችን ለልጆቿ ይመልሱ። አዋጁን ለመሻር ጊዜ ቢያስፈልግዎ እኔም ሱሪዬም እንታገሣለን።

ሁሉን በፍጹም ንጽሕና ላበላሹልን ለክቡርነትዎ እግዚአብሔር ዕድሜ እንዲጨምርልዎ፣ በተጨመረውም ዕድሜ አንድ ቀን ወደ ምንጩ ወርደው አንዲት ሴት እንዲጠይቁ እየለመንኩ፣ እንደ ነጠላዬ ቢጫ፣ እንደ ሱሪዬ ቀይ፣ እንደ በርኖስዎ ያነስኩ ሆኜ በትሕትና እሰናበታለሁ።

ጉልላት እሸቴ
የመድኃኒት ቅመማ ምሩቅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ከጨረስኩ በኋላ ዛሬ በገበያው የሆነውን ሳልጨምር ብቀር ታማኝነት ይጎድለኛል። አንጁሎ የተባለ፣ አዋጅዎ የማይደርስባት የጎረቤታችን የቦዲቲ ነጋዴ ቶማን ፍለጋ መጥቶ ከፈጠነች ጋር ተቋጥሮ አገኘውና፣ ሰው ሁሉ እየሰማ እንዲህ አለው፦ «የቦዲቲዋ አጣቢ ሽታዬ ልካኛለች። ከእሑድ በኋላ ያመጣኸው የሹሙ ኩታ በእንዶድ ታጥቦ ደርቆ ተቀምጧል፤ ወትሮ የምትመላለሰው አንተ ነህ፣ ምነው ቀረህ? እኔ ልውሰድ ብላት ላመጣው እጅ ካልሆነ አልሰጥም አለች።» ቶማ ሰማይ ሰማዩን አየ። ፈጠነች ከተቋጠረች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ሳቀች። እኔም የእሑዱ ተአምር በየትኛው መንገድ በበቅሎ እየተጫነ ሲመላለስ እንደ ነበረ ገባኝ።

እንግዲህ ሰኞ ችሎት ፊት ለመቅረብ ሁለት መንገድ አለዎት። ወይ እንደኛው በሳሙና የታጠበ ቢጫ ኩታ ለብሰው ይቆማሉ፤ ወይ፣ የተቋጠረ ሰው ከከተማ አይወጣምና፣ ቶማን ፈትተው ወደ ቦዲቲ ይልኩታል። በእርሱ ምትክ ሌላ አሽከር ልቋጥር ቢሉ፣ አሽከሮችዎ ሁሉ ከቀትር ጀምሮ በድንገት መታመማቸውን ሰምቻለሁ። ቋጠሮው አንድ ነውና ቶማ ሲፈታ ፈጠነች አብራ ትፈታለች። የመረጡትን ለማወቅ ደብዳቤ መጻፍ አያስፈልግዎትም፤ እኛ በቦዲቲ መንገድ ላይ ነጭ ነገር ብቅ እስኪል ድረስ ዓይናችንን ተክለን እንጠብቃለን።