ከገጽ አርባ ስምንት በኋላ

ውድ ልጄ፣

በአፌ «ልጄ» ብዬሽ አላውቅም። የእንጀራ እናት ነኝና ድፍረት እንዳይሆንብኝ እፈራ ነበር። ወረቀት ላይ ግን ልቤ ትንሽ ይጠናል። ካልወደድሽው ቃሏን ሰርዢያትና የቀረውን አንብቢ። የቀረውን ግን እባክሽ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

ጥንቸላችን ሻምበል ዛሬ ጠዋት ሞተ። ይህንን የምጽፍልሽ መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ፣ እሱ አጠገብ ተቀምጬ ነው። አባትሽ መኪናው ጋራዥ ስለገባች ዛሬና ነገ እቤት ነው፤ ደብዳቤውን እስከ መነጽር ቤቱ ድረስ ያመጣልሻል። ልደውልልሽ አስቤ ነበር። ነገር ግን ታውቂኛለሽ፤ ስልክ ላይ ከ«ደህና ነሽ?» በላይ አልችልም። ስምንት ወር ሙሉ ደህና ነሽ ወይ ስልሽ፣ ደህና ነኝ ስትዪኝ ከረምን።

እናንተ ቤት የገባሁ ቀን አንቺ የአስራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርሽ። እናትሽ ከሞተች ገና ሰባት ወሯ ነበር። ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ እሜቴ ካልጋሽ ሥር ወጥታ መጥታ ጫማዬ ላይ ሸናችብኝ። አባትሽ እንዳላፍር ብሎ «ሰላምታዋ ነው» አለ። አንቺ አልሳቅሽም። «ሰላምታ አይደለም። ቤቷ ስለሆነ ነው» አልሽ። እናትሽ የገዛችልሽ ጥንቸል መሆኗን የነገረኝ ማንም የለም፤ አያያዝሽን አይቼ ነው ያወቅኩት።

ያን ሰሞን እሜቴ ያላጠፋችው ነገር አልነበረም። የስልክ ቻርጀሬን ሁለት ጊዜ ቆረጠችው። ምንጣፉን ከጥግ ጀምራ ፈታችው። እጄን ስዘረጋ እያጉረመረመች ትነክሰኝ ነበር። አባትሽ «ወይ እሷ ትውጣ ወይ እኔ» ሲል፣ አንቺ «አባዬ አንተማ ሰኞ ሰኞ ትወጣለህ» አልሽው። እውነትሽን ነበር። ሹፌር ሰኞ ይሄዳል፣ ዓርብ ይመለሳል፤ በመካከሉ ያለው ቀን የኔና ያንቺ ነበር። ዝም ብለን ነበር የምንበላው።

እኔ የማውቀውን ሁሉ ያወቅኩት ከተበላሸ ወረቀት ነው። ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። ማተሚያ ቤቱ ጥረዛ ክፍል ስገባ ሥራዬ የታተመውን ትልቁን ወረቀት ማጠፍ ነበር፤ አንዱ ወረቀት ታጥፎ አስራ ስድስት ገጽ ይሆናል። ቀለም የፈሰሰበት ወይም ተጣሞ የታተመ ሲኖር ይጣላል። የሚጣለውን እኔ ይዤ እገባለሁ። በዚህ መንገድ ንብ እንዴት እንደምትራባ አንብቤያለሁ፤ ማሩ እንዴት እንደሚቆረጥ ግን አላውቅም። ፍቅራቸው የተጀመረ ሰዎች አውቃለሁ፤ ተጋብተው ይሆን ተለያይተው፣ እግዜር ይወቀው።

ስለ ቤት ጥንቸል የሚናገረው መጽሐፍ የታተመው እናንተ ዘንድ በገባሁ በሦስተኛው ወር ነው። ሁለት ወረቀት ተበላሽቶ ደረሰኝ፤ ከገጽ አስራ ሰባት እስከ አርባ ስምንት። የሚነክሱት ክፉ ሆነው ሳይሆን ፈርተው ወይም ክልላቸውን ሲጠብቁ እንደሆነ እዚያ ላይ አየሁ። መምታት እንደማይገባ፣ ገመዱን በጎማ ቱቦ ውስጥ መክተት እንደሚሻል፣ ድርቆሹን ከመጸዳጃ ሳህኑ አጠገብ ካደረጉላቸው እየበሉ እዚያው እንደሚጸዳዱ አነበብኩ። ብቻዋን የምትኖር ጥንቸል ደግሞ ቤት የምታፈርሰው ኀዘኗን የምታወጣበት ሌላ ስለሌላት ነው ይላል። እዚያ ላይ ስደርስ ስለ ጥንቸሏ ብቻ እያነበብኩ አልነበረም።

ሻምበልን ያመጣሁት ያኔ ነው። ወረቀት መቁረጫው ላይ የሚሠራውና እኛ ምላጩ የምንለው ባልደረባዬ ነበር የሰጠኝ። «ውሰጂው እንጂ፤ ስድስት አድርገሽ እንዳትመልሺልኝ ብቻ» አለኝ። ሁለቱንም የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወስደን በቀዶ ሕክምና እንዳይዋለዱ አደረግናቸው፤ ቁስላቸው እስኪሽርም ለየብቻ አቆየናቸው። ፎጣቸውን እያቀያየርን አንዱ የሌላውን ጠረን እንዲለምድ አደረግን። ስም ያወጣሽለት አንቺ ነሽ። በኋለኛ እግሩ ወለሉን ሲደልቅ «ይኸው ሰልፍ አስጀመረ፣ ሻምበል ነው» አልሽ። ከንፈርሽ ፈገግ ሲል ያየሁት ያን ቀን ነው።

ማገናኘቱ ግን ቀላል አልነበረም። መጽሐፉ የሁለቱም ያልሆነ ቦታ ፈልጉ ይላል። ሳሎኑ የእሜቴ፣ መኝታ ቤትሽ የእሜቴ፣ ኮሪደሩ የእሜቴ። ያልረገጠችው መታጠቢያ ቤቱን ብቻ ነበር። ትዝ ይልሻል? አንቺ ገንዳውን ተደግፈሽ፣ እኔ ከመታጠቢያ ሳህኑ ሥር፣ በመካከላችን አንድ ፎጣና አንድ እፍኝ ቅጠል።

«ስንት ደቂቃ ነው?» አልሽኝ።

«አስራ አምስት። ገጽ ሠላሳ ስድስት ነው ያለው።»

«ከተጣሉስ?»

«ጓንት አድርገን ፎጣ እንጥልባቸዋለን። ገጽ ሠላሳ ዘጠኝ።»

«ከተዋደዱ በኋላስ ምን ይላል?»

«እሱ ከአርባ ስምንት በኋላ ነው። አልተበላሸም። ደህናው ወረቀት ለባለቤቱ ይሄዳል።»

«እትዬ፣ እርስዎ ግማሽ መጽሐፍ ይዘው ነው ደፍረው ያመጡት?»

ግማሽ መጽሐፍ ይዤ ነበር የመጣሁት። ለጥንቸሉም ላንቺም።

መጀመሪያ ቀን ፀጉር በፀጉር ሆኑ። በአምስተኛው ቀን ጀርባ ተሰጣጥተው ተቀመጡ፤ እኔና አንቺም እንደዚያው ነበርን። በአስራ አንደኛው ቀን እሜቴ አንገቷን ዝቅ አድርጋ «ላሰኝ» አለችው፤ እሱ ግን አልገባውም፣ ቅጠሉን በላ። አንቺ «ወንድ» አልሽ፤ ሁለታችንም ሳቅን። ድምፃችን በሴራሚኩ ላይ ሲያስተጋባ የሌላ ሰው ቤት መሰለኝ።

በአስራ ዘጠነኛው ቀን ነው የነገርሽኝ። ጉልበትሽን አቅፈሽ፣ እኔን ሳታዪኝ።

«እማዬ የሞተች ቀን ጎረቤት ቤት ወሰዱኝ። ፊልም ከፈቱልኝ። ስመለስ አልጋዋ ተነጥፏል።»

«አላሳዩሽም?»

«ልጅ ነች አሉ። ሳላያት ወሰዷት። ከዚያ ፈለግኳት። ቁም ሣጥን ውስጥ ሁሉ ገብቼ አየሁ። እንደሞተች እያወቅኩ።»

 እጄ ፎጣውን አጠፈ፣ ፈታ፣ እንደገና አጠፈ።  ልክ ያን ጊዜ ሻምበል ጠጋ ብሎ የእሜቴን ግንባር ላሰ። አንቺ እጄን ይዘሽ «አየሽ? አየሽ፣ እየላሳት ነው!» አልሽኝ። ከዚያ ቀን በኋላ፣ ከአንድ ቀን በቀር፣ «እርስዎ» ብለሽኝ አታውቂም። እኔ ግን ለነገርሽኝ ነገር እስከ ዛሬ መልስ አልሰጠሁሽም።

ስምንት ዓመት አብረን በላን። ሁለቱ ጥንቸሎች ከአንድ ሳህን በሉ፣ ጎን ለጎን ተኙ። አንቺ አደግሽ፣ ተማርሽ፣ መነጽር ቤት ተቀጠርሽ። በመጀመሪያ ደሞዝሽ ለኔ የማንበቢያ መነጽር አሠራሽልኝ፤ አሁንም እሱን አድርጌ ነው የምጽፍልሽ።

እንግዲህ የዚያን ቀን ነገር። ጠይቀሽኝ ያልነገርኩሽን ሁሉ ልንገርሽ።

እሜቴ የሞተችው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። አንቺ ከወጣሽ በኋላ ቅጠል ሰጠኋት፤ ግማሿን በላች። ከዚያ መስኮቱ ሥር ሄዳ በጎኗ ተኛች። ሻምበል ሄዶ ጆሮዋን ላሰ። ሦስት ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰች፣ አራተኛው አልመጣም። አልጮኸችም፣ አልተወራጨችም። እጄ ሆዷ ላይ ነበር። ይህንን ስምንት ወር ሙሉ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር።

ሻምበል ሳይተዋት ነው ያነሳኋት። በፎጣ ጠቅልዬ ስወጣ እስከ በሩ ተከተለኝ። በሩን ዘጋሁበት። ስድስት ሰዓት ሳይሆን አጥሩ ሥር ቀብሬ፣ አፈሩን ደምድሜ፣ እጄን ታጥቤ ጨርሻለሁ።

አንቺ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ገባሽ።

«የታለች?»

«ሞተች። ቀበርኳት።»

«ሳላያት?»

«ባታዪያት ይሻላል ብዬ ነው። ምግብ አለ፣ ተጣጠቢና ብዪ።»

ምግብ አለ አልኩሽ። ቆመሽ አየሽኝ። «እርስዎም እንደ እነሱ ነዎት» አልሽ። በአሥራ አምስተኛው ቀን ዕቃሽን ጭነሽ ሄድሽ፤ አባትሽ ለሥራዋ ስለሚቀርባት ነው አለ፣ እኔም አዎ አልኩ።

ላንቺ አዝኜ እንደቀበርኳት ራሴን አሳምኜ ነበር። እውነቱ ሌላ ነው። እሜቴ ከእናትሽ የቀረችሽ የመጨረሻ ነገር ነበረች፤ የሞተችውም በእኔ እጅ ነው። ስትገቢ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን እንዳታዪ ፈራሁ። የሸሸግኩት እሜቴን አይደለም፣ ራሴን ነው። ያቺ ቁም ሣጥን ውስጥ የገባች ልጅ ነግራኝ እያለ፣ ከሰው ሁሉ ለእኔ ብቻ ነግራኝ እያለ።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ሻምበል ቤቱን ማሰስ ጀመረ። መስኮቱ ሥር ሄዶ ያሸታል። ካልጋሽ ሥር ይገባል። ከዚያ መታጠቢያ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ መሬቱን ይደልቃል፤ ይጠብቃል፤ ይደልቃል። አንድ ቀን ቁም ሣጥንሽን ለማጽዳት ስከፍት ከኋላዬ መጥቶ ዘሎ ገባ። ጥግ ጥጉን አሽትቶ ወጣ። እኔ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ባለፈው ወር ያ መጽሐፍ እንደገና ታተመ። ማጠፊያው ጠረጴዛ ላይ ቆሜ ወረቀቱን ስገለብጥ ገጽ ሃምሳ ሰባት እጄ ላይ ወደቀ። እንዲህ ይላል፦ ከጥንዶቹ አንዱ ሲሞት አስከሬኑን ቶሎ አታንሱ፤ የቀረው ለጥቂት ሰዓታት አጠገቡ ይቆይ፤ አሽትቶ፣ ልሶ፣ ጎትቶ ሲጨርስ ራሱ ይተወዋል፤ ይህን የተከለከለ ግን ለብዙ ጊዜ ይፈልጋል።

ምላጩ «ምነው ደነዘዝሽ? ወረቀቱ ተበላሽቷል እንዴ?» አለኝ።

«ደህና ነው» አልኩት።

«ታዲያ እጠፊዋ።»

አጠፍኩት። ያን ቀን ሦስት ሺህ ጊዜ ያንኑ ገጽ አጠፍኩ። መጀመሪያ ላይ ባውቀው ኖሮ እያልኩ ራሴን ለማጽናናት ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። ያንን ገጽ ከዘጠኝ ዓመት በፊት አንቺ፣ ቁም ሣጥኑን ስትነግሪኝ፣ በአፍሽ አንብበሽልኛል። እኔ ነኝ ፎጣ ሳጥፍ የነበርኩት።

ሻምበል ከትናንት ወዲያ መብላት አቆመ። ሐኪሙ ዘንድ ወሰድኩት፤ መርፌ ወጋው፣ ሆዱን አሻሸው፣ «እማማ፣ አርጅቷል፤ ካልበላ አይሰነብትም» አለኝ። ይዤው ተመለስኩ። ሌሊቱን እዚህ ከእኔ ጋር አደረ። ዛሬ አንድ ሰዓት ላይ፣ አንቺ ትቀመጪበት በነበረው በገንዳው በኩል ተጎትቶ ሄዶ፣ አገጩን ወለሉ ላይ አሳርፎ አለፈ።

አላነሳሁትም። እስከ አንገቱ ፎጣ ከማልበስ በቀር አልነካሁትም። ወለሉ ቀዝቃዛ ነው፤ ውኃ በላስቲክ ጠርሙስ አቀዝቅዤ ግራና ቀኙን አድርጌለታለሁ። ሐኪሙን ደውዬ ጠይቄዋለሁ፤ እስከ ነገ ማታ ይቆያል ብሎኛል። ጉድጓድ አልቆፈርኩም። አካፋውን አባትሽ አውጥቶት ነበር፣ መልሶ እንዲያስገባው አድርጌያለሁ። እሜቴ ያለችበትን ቦታ ከአጥሩ በኩል በጡብ ምልክት አድርጌበታለሁ፤ አጠገቧ ይሁን፣ ሌላ ቦታ ይሁን፣ የምትወስኚው አንቺ ነሽ።

ይቅር በዪኝ ለማለት ነው የጻፍኩት፤ ግን ይቅር ባትዪኝም ነዪ። ለእኔ ስትዪ አይደለም። ዳግመኛ ሳታዪ የሚወሰድብሽ ነገር እንዳይኖር ነው። እንድታወሪኝ አልጠይቅሽም። አንቺ በገንዳው በኩል፣ እኔ በዚህ በኩል እንቀመጣለን። አስራ አምስት ደቂቃ ይበቃል።

ባትመጪም እስከ ነገ ማታ ከዚህ አልነሳም። በሩ አልተቆለፈም።

ከመታጠቢያ ሳህኑ ሥር የምትጠብቅሽ፣
ግማሹን ብቻ ያነበበችው